«እንባ ጨምሪበት» ለተባለችው የእድር ጸሐፊ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ አብዛኛው አባል በእናትና በአባቴ ዕድሜ ነው። በሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮው ከ100 ወደ 200 ብር እንዲያድግ ሐሳብ ያቀርባል፤ እንዳስረዳ የተመደብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሽያጭ ላይ የምትሠራ ጓደኛዬ ሦስት ነገር መከረችኝ። አንደኛ፣ ባሏን ለመቅበር ዕዳ ውስጥ የገባች ሴት ታሪክ ፍጠሪ፤ እንባም ጨምሪበት አለችኝ። ሁለተኛ፣ ካዝናው ከቀነሰው ግማሽ ያህሉ ለአዲስ ድንኳንና ወንበር የወጣ መሆኑን አታንሺ። ሦስተኛ፣ ካልጨመራችሁ እድሩ ይፈርሳል በያቸው። ዓላማው ጥሩ ስለሆነ ነውር የለውም ትላለች። ነውር አለው? ካለውስ፣ ይህን ሁሉ ትቼ እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩ መልስ «ነውር አለው» ነው። ሦስቱንም ተያቸው። ጓደኛሽን ግን አልወቅሳትም። ሥራዋን ታውቃለች። ታሪክ ሰውን ይይዛል። ያልተነገረ ነገር አያከራክርም። ፍርሃት እጅ ያስወጣል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። የሳተችው ቦታውን ነው። እሷ የምትሸጥለት ሰው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ምናልባት ዳግም አይተያዩም። አንቺ የምታናግሪያቸው ሰዎች ግን ነገ ዳቦ ቤት ያገኙሻል። ቤትሽ ሐዘን ሲገባ ድንኳኑን የሚተክሉት እነሱ ናቸው።

ማሳመንን ከማታለል የምለይበት አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ አባል እጁን አውጥቶ ደገፈሽ እንበል። ከሦስት ወር በኋላ አንቺ የምታውቂውን ሁሉ እሱም ዐወቀ። ያኔ «ይህን ባውቅ ኖሮ እጄን አላወጣም ነበር» ይላል? ካለ አታለሽዋል። «ያኔም ነግራናለች» ካለ አሳምነሽዋል። ንግግርሽ ማማሩ ከዚህ ጋር አይገናኝም። አሳምሮ መናገር ነውር አይደለም። እንዲያውም ትክክለኛ ሐሳብ ይዞ፣ ሳይዘጋጁ ቀርቦ ውድቅ ማስደረግን እኔ እንደ ጥፋት ነው የማየው።

በዚህ ጥያቄ ድንኳኑን እንመዝነው። ከሦስቱ ምክሮች አደገኛው እሱ ይመስለኛል። የፈጠራ ታሪክ ውሸት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ስለከበደሽም ነው የጻፍሽልኝ። ድንኳኑን መዝለል ግን ውሸት አይመስልም። «ካዝናችን ካምናው ቀንሷል» ብትዪ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሰሚው የሚረዳው ግን «ለቅሶ በዝቶ ገንዘቡ አለቀ» ብሎ ነው። ድንኳን በየዓመቱ አይገዛም። የአንድ ጊዜ ወጪን የየዓመት ጉድለት አስመስለሽ ሪፖርት ላይ ብታሰፍሪው ኦዲተር ይይዝሻል። በንግግር ላይ ግን ማንም ሳያየው ያልፋል። ለዚህ ነው ተናጋሪን የምፈራው ሲዋሽ ሳይሆን ሲመርጥ የሆነው።

ጥቅሙን ብቻ ብናይ እንኳ መደበቁ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1945 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ወታደሮች ሁለት ዓይነት የሬዲዮ ንግግር አሰምተው ነበር። ጉዳዩ ከጃፓን ጋር ያለው ጦርነት ገና ይረዝማል የሚል ነው። አንዱ ንግግር ደጋፊ ምክንያቶችን ብቻ ደረደረ። ሌላው የተቃራኒውን ወገን ሐሳብም አነሳ። ቀድሞውኑ ለተስማሙት ወታደሮች አንድ ወገን ብቻ ያወራው ይበልጥ ሠራ። ለተቃወሙትና ትምህርታቸው ከፍ ላለው ግን ሁለቱንም ወገን ያነሳው በለጠ። በኋላ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ ነገሩ ይበልጥ ጠራ። የተቃዋሚውን ነጥብ አንስተሽ ከመለስሽ አመኔታም ደጋፊም ታገኛለሽ። አንስተሽ ሳትመልሺ ካለፍሽው ግን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር።

አንቺ ጋ ደግሞ ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ድንኳኑ ሲገዛ የፈረሙት አባቶች እዚያው አዳራሽ ይቀመጣሉ። ብትዘልዪው አንዳቸው ቀስ ብለው ተነስተው «ልጄ፣ ድንኳኑን ረሳሽው?» ይሉሻል። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰማይን ብታወርጂ የሚሰማሽ የለም። ስለዚህ ራስሽ ቀድመሽ አውጪው፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች። ለምሳሌ እንዲህ በይ፦ «ካዝናችን ቀንሷል። ከቀነሰው ግማሽ ያህሉ ለድንኳንና ለወንበር የወጣ ነው፤ እሱን ደግመን አናወጣም። ኮሚቴውን ያሳሰበው ሌላው ግማሽ ነው።» ከዚያ ስለ ሌላው ግማሽ ተናገሪ።

እዚህ ላይ በሐቅ ራስሽን ጠይቂ። ሌላው ግማሽ ብቻውን መዋጮውን እጥፍ ለማድረግ ያበቃል? ካላበቃ ችግሩ ንግግሩ ላይ አይደለም። ወደ ኮሚቴው ተመለሺና 150 ብር ይበቃ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ሰው የንግግር ምክር ሲጠይቀኝ የሚያስፈልገው ሌላ ሐሳብ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ወደ ሴትዮዋ ታሪክ ልምጣ። ታሪክ እንደሚሠራ ጥርጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዲቦራ ስሞል፣ የጆርጅ ሎወንስታይንና የፖል ስሎቪክ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ 5 ዶላር ተከፈላቸው፤ ከዚያ ላይ ለተራቡ ሰዎች እንዲሰጡ ተጠየቁ። ለአንዳንዶቹ ሮኪያ ስለምትባል የማሊ ልጅ ተነገራቸው። ለሌሎቹ ቁጥር ብቻ ተሰጣቸው። ከቁጥሮቹ አንዱ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ ይፈልጋሉ የሚል ነበር። ለሮኪያ በአማካይ 2 ዶላር ከ38 ሳንቲም ሰጡ። ለሚሊዮኖቹ 1 ዶላር ከ14። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀርቡ 1 ዶላር ከ43። ይህን ጥናት በጠቀስኩ ቁጥር ትንሽ ይከነክነኛል፤ ከቁጥሩ ውስጥ እኛ አለንበትና።

እንግዲህ ይህን ያህል ኃይል ያለው ነገር በፈጠራ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ አስቢ። አንቺ «አንዲት እናት ነበሩ» ስትዪ አዳራሹ ሁሉ «የማን ቤት ይሆን?» ብሎ ያሰላስላል። ሰፈር ውስጥ የማትታወቅ ባልቴት የለችም። ከስብሰባው ሲወጡ አንዷን ይጠረጥራሉ። አንቺ ከጭንቅላትሽ ያወጣሽው ዕዳ በአንዲት እውነተኛ እናት ስም ይወራል። እሳቸው ደግሞ አልሰሙም፤ ሊያስተባብሉም አይችሉም።

እውነተኛ ታሪክ ቢኖርሽስ? ስም ባትጠሪም ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ተበድሮ መቅበር በእኛ ዘንድ ገመና ነው፤ ሰው አያወራውም። ስለዚህ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ልትናገሪ ያሰብሽውን እንዳለ አሰሚያቸው። ፊታቸው ከጠቆረ ተዪው። «ለሌላው ሲሉ» ብለሽ አትጫኛቸው፤ ይሉኝታ ይዟቸው እሺ ቢሉ ፈቃድ አልሰጡሽም።

እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ታሪኩ የአንድ ሰው መሆኑ ይቅርና የአንድ ለቅሶ ይሁን። ጡሩምባው ከተነፋበት ሰዓት እስከ ሠልስቱ ያለውን ወጪ በቅደም ተከተል ተናገሪ። ሣጥኑ ዛሬ ስንት ነው? አስከሬን የሚሸኘው መኪናስ? ለቀስተኛው የሚቀምሰው፣ ቡናው፣ ውኃው? እድሩ ከዚህ ውስጥ ስንቱን ይሸፍናል? ቀሪው ከማን ኪስ ይወጣል? ዋጋዎቹን ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ በግምት አትናገሪ። አዳራሹ ውስጥ ያልቀበረ ሰው የለም። እያንዳንዱ የራሱን ቤት ያስታውሳል። ስሜቱ ይመጣል፤ የመጣው ግን ከራሱ ትውስታና ከትክክለኛ ዋጋ ነው።

ስለ እንባው ደግሞ፣ ሳታስቢው ከመጣ ማንም አይቀየምሽም። ቀጠሮ አትያዢለት እንጂ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ። ጋዜጠኞቹ ተባረሩ፤ ንግግሩ ቀጠለ። ስለ መርዝ ጋዙ የተናገሩት ክፍል እስከ ዛሬ ሰውነትን ይወርራል። አውሮፕላኖቹ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው መምጣታቸውን ተናገሩ። የሚረጩት ጉም ተያይዞ እንደ መጋረጃ መሆኑን፣ ሰው፣ ከብት፣ ወንዝና ግጦሽ መመረዙን ዘረዘሩ። ሐዘኑን የተሸከመው ዝርዝሩ ነው። እድርን ከጄኔቫ ጋር ማስተያየቴን ይቅር በይኝ፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ደግሞ ልብ በይ፣ በቀናት ውስጥ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የነበረውን ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ። ሐቀኛ ንግግር ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ አልዋሽሽም።

«እድሩ ይፈርሳል» የሚለውን በካልኩሌተር እንፈትነው። ወርሃዊ ገቢያችሁን፣ በዓመት በአማካይ የሚከፈለውንና በካዝና የቀረውን አስቀምጪ። አሁን ባለው መዋጮ ካዝናው መቼ ባዶ ይሆናል? መልሱ ሁለት ዓመት ከሆነ «ሁለት ዓመት» በይ። ስምንት ዓመት ከሆነ «ይፈርሳል» ማለት ማስፈራራት ነው። እውነተኛ አደጋን ግን መናገር አለብሽ፤ ሰው ይደነግጣል ብሎ መደበቅም ሌላ ማታለል ነው።

ፍርሃት ብቻውን ደግሞ እግር አያንቀሳቅስም። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ የሃዋርድ ሌቨንታልና የባልደረቦቹ ጥናት ላይ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቴታነስ እንዲያነቡ ተደረገ። አንዳንዱ ጽሑፍ አስፈሪ፣ አንዳንዱ ለስለስ ያለ ነበር። አስፈሪውን ያነበቡት ይበልጥ ፈሩ፤ ልከተብ የሚል ሐሳብም አደረባቸው። ሄደው የመከተባቸውን ነገር የለወጠው ግን ሌላ ነው፤ የክሊኒኩ ካርታና መቼ ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳስብ ዝርዝር። ያን ካገኙት 28 በመቶ ያህሉ ተከተቡ። ካላገኙት 3 በመቶ ገደማ። ስለዚህ አደጋውን ተናግረሽ አትቀመጪ። ጭማሪው ከየትኛው ወር ይጀምራል? በቴሌብር መክፈል ይቻላል? በጡረታ ብቻ የሚኖር አባልስ ምን ይደረግለታል? እነዚህን ከማስፈራራቱ ይልቅ በደንብ ተዘጋጂባቸው።

ቁጥር ላይ ሳለን አንድ ወጥመድ ልጠቁምሽ፤ ጓደኛሽ ይህንንም ሳትነግርሽ አትቀርም። «ጭማሪው በቀን 3 ብር ከምናምን ነው፤ ዳቦ እንኳ አይገዛም» የሚባለው ነገር። ሂሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ማንም በቀን አይከፍልም። በጡረታ የሚኖር ሰው የሚያየው በወር 100፣ በዓመት 1,200 ብር ነው። መዋጮው እጥፍ መሆኑን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። «በቀን» የሚለውን መጠቀም ካማረሽ ተጠቀሚ፤ «በዓመት 1,200 ብር ነው፣ ቀላል አይደለም» ካልሽ በኋላ ግን።

አሁን ሰሚዎችሽን አስቢ። መሀል አዲስ አበባ ያለ እድር እንደ ድሮው አንድ ጊቢ አይደለም። ቤታቸው ፈርሶ ወይም ዕጣ ደርሷቸው ኮንዶሚኒየም የገቡ አባላት ይኖሩሻል። ጀሞ ወይም የካ አባዶ እየኖሩ በድሮው እድራቸው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። እዚያም ሌላ እድር ይከፍላሉ። ለነሱ አራት ኪሎ ያለው ድንኳን ብዙም አይጠቅማቸውም፤ የሚፈልጉት በእጅ የሚሰጠውን ገንዘብ ነው። እዚሁ የቀሩት ደግሞ ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ሰዉንም ይፈልጋሉ። አንድ ጭማሪ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ይህን ካላነሳሽው ከሩቅ የሚመጡት «ለማን ድንኳን ነው የምንከፍለው?» ብለው ያነሱታል።

ከስብሰባው በፊት የሚሰሙ አባቶችንና እናቶችን ቤታቸው ሄደሽ ማናገር ትችያለሽ። ይህ የአገር ልማድ ነው፤ ሽምግልናም እንዲህ ነው የሚጀምረው። አንድ ሕግ ብቻ ጠብቂ። ለአንዱ የነገርሽውን ሌላው ቢሰማ የማታፍሪበት ይሁን። ለጋሽ እገሌ «ድንኳን እናድሳለን»፣ ከጀሞ ለሚመጡት «ድንኳን ቀርቶ ገንዘብ እንሰጣለን» ካልሽ፣ ሁለቱ ቡና ላይ ሲገናኙ ጉድሽ ይፈላል። ደግሞ ሂጂና ስሚ። ሐሳባቸው ልክ ከሆነ ንግግርሽን ለውጪ። አርስቶትል ከማሳመኛ መንገዶች ሁሉ የተናጋሪውን ማንነት ከሁሉ የበረታ ሊባል የሚችል አድርጎ ይቆጥረዋል። ዕድሜሽ ትንሽ ነው፤ ያንን መለወጥ አትችይም። የሂሳብ መዝገቡን ይዘሽ ቤታቸው የሄድሽ ልጅ መሆንሽን ግን አይረሱትም።

ስለ ተረትና ምሳሌ አንድ ነገር። «ሃምሳ ሎሚ» የሚለውን እባክሽ ተዪው፤ በየስብሰባው አለቀ። ቀልዴን አይደለም። ምሳሌ ስትናገሪ የአያት ቅድመ አያትን ሥልጣን ነው የምትበደሪው። ምክንያት ሳታቀርቢ ካስቀደምሽው አፍ ይዘጋል፤ ተረትን ደፍሮ የሚሞግት የለም። ምክንያትሽን ከጨረስሽ በኋላ ከመጣ ግን ያምራል።

ከድሮ የምትወርሺው የተሻለ ነገር አለ። በላ ልበልሃ የሚባለው የችሎት ሙግት በግጥሙና በምላስ ስለቱ ይነሳል። ውርርድ እንደነበረው ግን ብዙ ሰው አያነሳም። አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ የሚያስረግጥ ተሟጋች ማር ወይም በቅሎ ያስይዝ ነበር። ከተረታ ይከፍላል። አንቺ በቅሎ የለሽም። ነገር ግን ከሐሳብሽ ጋር እንዲህ የሚል አንቀጽ ልታቀርቢ ትችያለሽ፦ «ጭማሪው በዓመቱ ይገመገማል፤ ያቀረብነው ስሌት ስህተት ከሆነ መዋጮው እንደገና ለጉባኤ ይቀርባል።» የሚጠራጠር ሰው ከየትኛውም ቆንጆ ዐረፍተ ነገር ይልቅ ይህን ይሰማል። ኮሚቴው እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ከፈራ፣ ለምን እንደፈራ ጠይቂ።

አነጋገሩን በአጭሩ። ከአሥር ደቂቃ አትለፊ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በቃልሽ ያዢ፤ የቀረውን በነጥብ። መብራት ቢጠፋና ሞንታርቦው ቢሞት እንዳትደነግጪ፣ ዋና ዋና ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ኮፒ አስደርጊ፤ ከሳምንት በፊት ቢታደል ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ድምፅሽ መጨረሻ ላይ ከወደቀ «ይበቃል» ይሁን «አይበቃም» ያልሽው ኋላ የተቀመጡት አይሰሙም። ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቴአትር ገብተሽ ተዋንያኑን ስሚ፤ አይጮሁም፣ ግን የመጨረሻዋን ቃል አይውጧትም።

ጥያቄ ሲመጣ የማታውቂውን «አላውቀውም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» በይ፤ የምትነግሪያቸውንም ቀን ቁረጪ። ሌሎች እድሮች ጨምረዋል ልትዪ ካሰብሽ የትኞቹ እንደጨመሩ እወቂ፤ ያልጨመሩም ካሉ ተናገሪ። «ቶሎ እንወስንና እንሂድ» የሚል ሰው ሲነሳ በደስታ አትቀበዪው። እጅ በማውጣት የሚሰጥ ድምፅ ላይ ደግሞ ሰው ጎረቤቱን እያየ ያወጣል። ሰብሳቢው ፈቃደኛ ከሆኑ በወረቀት ይሁን።

የቀረ አንድ ነገር አለ። አንቺ ጸሐፊ ነሽ፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዢው አንቺ ነሽ። የዚያን ቀን ግን ተከራካሪም ነሽ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ተቃዋሚዎች የተናገሩትን አሳጥረሽ፣ የደገፉሽን አስረዝመሽ ልትጽፊ ትችያለሽ፤ ሳታስቢውም ቢሆን። ለዚያ አጀንዳ ብቻ ሌላ ሰው እንዲጽፍ ጠይቂ። የሚቻል ከሆነ ጭማሪውን ከሚቃወሙት አንዱ ይሁን። ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ ለተሰብሳቢው ጮክ ተብሎ ይነበብ።